የእጅ ጥበብና የፈጠራ መነሳሳት፦ ከየት ይገኛል? እንዴትስ ይዘልቃል?

በለቡ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር

 

የዚህ ንግግር ዓላማ በአንድ ጥያቄ ላይ ረጋ ብሎ መቆየት ነው፤ ይኸውም በእጁ የሚሠራ ሰው አዲስ ጥለት ወይም አዲስ ቅርጽ የማውጣት ፍላጎትና ብርታት ከወዴት ያገኛል፣ ካገኘውስ በኋላ ለዕለት እንጀራው ያንኑ ሥራ እየደጋገመ ሳይሰለች ለዓመታት እንዴት ያዘልቀዋል የሚል ነው። የፈጠራ መነሳሳት ሲባል እዚህ የሚፈለገው ትርጉም ጠበብ ያለ ነው፤ አንድን ባለሙያ ከዚህ በፊት ሠርቶት የማያውቀውን ነገር እንዲሞክር የሚገፋፋውን፣ የሞከረውንም ከዳር እስኪያደርስ የሚያጸናውን የአእምሮ ንቃት ያመለክታል። ብዙ ሰው ይህን ንቃት ለጥቂት ዕድለኞች በተፈጥሮ የተሰጠ፣ ደስ ሲለው የሚመጣ፣ ካልመጣም ምንም የማይደረግለት ነገር አድርጎ ይገምተዋል። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ግን መነሳሳት በአብዛኛው ሥራን አይቀድምም የሚል ነው፤ እጅ ከጥሬ ዕቃው ጋር ሲታገል ይወለዳል፣ አንዱ ሙያ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ይሰፋል፣ ባለሙያው የሚኖርበት ኅብረተሰብ ሲያከብረውና የድካሙን ዋጋ ሲከፍለው ደግሞ ይጸናል። ንግግሩም በእነዚህ ሦስት ነጥቦች ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከሦስቱ ተነስቶ ባለሙያውም ገዢውም ሊያደርጉት የሚችሉትን ያመለክታል።

ጉዳዩ በለቡ መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለቡ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ዳርቻ የእርሻ መሬት የነበረች ስትሆን፣ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሞሉባት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ – ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የፉሪ-ለቡ ጣቢያም የሚገኝባት ሰፈር ሆናለች። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ነዋሪ የእናቱን መሶብና የአባቱን ጋቢ ይዞ በአዲስ ሕንጻ ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ ከገጠር የመጣው የእጅ ሥራ በከተማ ኑሮ ውስጥ ምን መልክ ሊይዝ ነው የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አለ። ከዚህም በላይ በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከለቡ ብዙም በማትርቀው መካኒሳ፣ ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ የሰጡ ሁለት ተቋማት ይገኛሉ፤ እነርሱም ሳባሃር የተባለው የሽመና ድርጅትና ዞማ ሙዚየም ናቸው። ሁለቱም በየቦታቸው ይነሳሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ ጥሬ ዕቃውና የእጅ ዘዴው ራሳቸው የፈጠራ ምንጭ ስለ መሆናቸው ነው። ይህን ለመረዳት የሸማን አሠራር በቅርብ ማየት ይጠቅማል። በተለመደው አሠራር ሴቶች ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ካወጡለት በኋላ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፤ ባዘቶ የሚባለው ተነድፎ የለሰለሰና ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ ነው። ከዚያም በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው በቁመት የሚዘረጋውን ክር ድር ይለዋል፤ ማግ የሚባለው ደግሞ በመወርወሪያ ውስጥ ሆኖ በድሩ መካከል ከጎን ወደ ጎን የሚመላለሰው ክር ነው። እስከዚህ ድረስ የሚወጣው ነጭ ሸማ ነው። ጥለት ወይም ጥበብ የሚባለው ባለቀለም የዳር ጌጥ የሚገባው ሸማኔው የድሩን ክሮች እየቆጠረ፣ የተወሰኑትን እየለየና እያነሳ፣ ባለቀለሙን ክር በእጁ በመካከላቸው ሲያሳልፍና በተከታዩ ማግ ሲያጠብቀው ነው። አንድ ጣት የሚያህል ጌጥ ለማውጣት ይህ ሥራ ደጋግሞ መሠራት አለበት።

ይህ ዘዴ ጥብቅ ወሰን አለው። ድሩ በቁመት ማጉ በአግድም ስለሚሄዱ በእንዲህ ያለው ሽመና ክብ መስመር ማውጣት እጅግ ያስቸግራል፤ በአንጻሩ ደረጃ ደረጃ እያለ የሚወጣና የሚወርድ መስመር፣ ሦስት ማዕዘን፣ አልማዝ መሰል ቅርጽና መስቀል ከቆጠራው በቀላሉ ይወጣሉ። በሽሮ ሜዳ ሱቆች ተደርድረው የሚታዩት የጥለት ዓይነቶች እጅግ ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ከእነዚህ ጥቂት መሠረታዊ ቅርጾች የተወለዱ ናቸው። ሸማኔው በሦስት ሦስት ክር ሲያነሳ የነበረውን በአራት በአራት ቢያደርገው፣ ወይም ቅርጹ ሊዘጋ ሲል መልሶ ቢከፍተው፣ ወይም ሁለቱን ቀለሞች ቦታ ቢያለዋውጣቸው፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጥለት ዓይኑ ሥር ይወጣል። አዲሱን ቅርጽ አስቀድሞ በሐሳቡ ሥሎት ላይሆን ይችላል፤ ቆጠራውን በመለወጡ አገኘው። እንግዲህ ለሸማኔ የመነሳሳት መነሻ ቁጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ድሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብቻ ግን ይህን መነሻ ሊጠቀምበት ይችላል።

የሰፌድና የመሶብ ስፌትም ይህንኑ ያስተምራል። ሰፊዋ እንደ ስንደዶና አክርማ ያሉ ሣሮችን ክረምቱ ሲወጣ ሰብስባ፣ አድርቃ፣ ከፊሉንም በቀለም ነክራ ታዘጋጃለች፤ ለጌጥ የሚሆነው የተቀለመው ሣር አለላ ይባላል። ሥራው የሚጀምረው ከመሐል ነው፤ እየተጠቀለለ የሚዞረው የሣር እጅብ በወስፌ እየተበሳ ከቀደመው ዙር ጋር ይሰፋል። እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው ስለሚረዝም፣ በመሐል ትንሽ ሆኖ የተጀመረ ጌጥ ወደ ዳር እየሰፋ ይሄዳል፤ ሰፊዋ በየዙሩ ስንት ስፌት እንደምትጨምር ካላሰላች ጌጡ ይጣመማል። ስለዚህ ገና የመሐሉ ክብ መዳፍ ሳያክል የዳሩ ጌጥ በሐሳቧ መቀመጥ አለበት። ክቡን በአራት መክፈል አንድ ዓይነት መሶብ ይሰጣል፣ በስድስት መክፈል ሌላ ዓይነት፣ በስምንት መክፈልም እንዲሁ፤ ከዚህ ላይ አለላው ሲለዋወጥ የሚገኘው ውጤት ማለቂያ የለውም። በወረቀት ላይ ንድፍ ሳይነደፍ እንዲህ ያለ የክብ ስሌት በእጅ ብቻ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ የሙያውን ጥልቀት ያሳያል።

ከእነዚህ ሁለት ሙያዎች አንድ ጠቅላላ ሐሳብ ይወጣል። ወሰን ለፈጠራ እንቅፋት መስሎ ቢታይም፣ በእጅ ሥራ ውስጥ ግን መነሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ሁሉ ነገር የሚቻለው ሰው ከየት እንደሚጀምር ሲቸገር፣ ድሩ ወይም ሣሩ ይህ ይሆናል ያኛው አይሆንም የሚለው ሰው የሚፈትሸው የተወሰነ ነገር አለው። ከዚህ የሚከተለው ምክር ደግሞ ባለሙያ መነሳሳት ሲደርቅበት ከሥራው ከመሸሽ ይልቅ ወደ ጥሬ ዕቃው ጠጋ ማለት ይሻለዋል የሚል ነው፤ ክሩ ቢቀጥን ምን ይሆናል፣ ሣሩ ባይቀለም ምን ይመስላል፣ ጭቃው በሌላ አፈር ቢደባለቅ እንዴት ይይዛል ብሎ መጠየቅ ከባዶ ሐሳብ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

ሳባሃር የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በካቲ ማርሻል የተመሠረተ ሲሆን፣ ከጥጥ በተጨማሪ ኤሪ የሚባለውን የሐር ዓይነት በእጅ እያስፈተለ በእጅ ያሸምናል። ኤሪ ሐር የሚገኘው የጉሎ ቅጠል ከሚመገብ ትል ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው፣ ሙልበሪ የተባለውን ዛፍ ቅጠል በሚበላ ትል የሚሠራው ሐር ከጎጆው ላይ ሳይቆረጥ እንደ አንድ ረጅም ክር ይተረተራል፤ የኤሪ ትል ጎጆ ግን በአንድ በኩል ክፍት በመሆኑ እንዲህ ሊተረተር አይችልም፣ እንደ ጥጥ ተነድፎ መፈተል አለበት። ይህ ጉድለት የሚመስል ጠባይ ለኢትዮጵያ ፈታዮች በረከት ሆነ፤ ጥጥ በእንዝርት መፈተል የለመደች እጅ አዲሱን ጥሬ ዕቃ ከነባሩ ችሎታዋ ሳትርቅ ልትይዘው ቻለች። የተገኘው ጨርቅ አዲስ ነው፣ እጁ ግን የቆየው እጅ ነው። አዲስ ነገር ለመፍጠር ሁሉንም መለወጥ አያስፈልግም፤ ጥሬ ዕቃውን ለውጦ ዘዴውን ማቆየት፣ ወይም ዘዴውን ለውጦ ጥሬ ዕቃውን ማቆየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዞማ ሙዚየምም በሌላ መንገድ ይህንኑ ይመሰክራል። የሥነ ሰብእ ባለሙያና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ የሆነችው መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ያቋቋሙትና እ.ኤ.አ. በ2019 በመካኒሳ ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ሙዚየም ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው። የጭቃ ቤት በኢትዮጵያ የድህነት ምልክት ተደርጎ በሚታይበት ዘመን፣ እዚያ ግን የግድግዳው ልስን ራሱ እየተቀረጸ ጌጥ ሆኗል፤ ጭቃ ሳይደርቅ በእጅ ሊታዘዝ የሚችል መሆኑ ሲሚንቶ የማይሰጠውን ዕድል ሰጥቷል። ኤልያስ ስሜ በግል ሥራዎቹም ቀደም ሲል ክርና ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ፣ ኋላም ያገለገሉ የኮምፒውተር ክፍሎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየጎነጎነና በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየደረደረ ሰፋፊ ሥራዎችን ሠርቷል። ሽቦው እንደ ፈትል ይጎነጎናል፣ ሰሌዳው እንደ ጨርቅ ይሸፈናል። በዓለም አደባባይ ስሙን ያስጠሩት እነዚህ ሥራዎች ስፌትና ጉንጎና የሚያውቅ እጅ ሌላ ጥሬ ዕቃ ሲያገኝ የደረሰበትን ያሳያሉ።

ከዚህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ መሻገር ይቻላል፤ እርሱም መነሳሳት ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው ሲሻገር እንደሚሰፋ ነው። ባለሙያ በገዛ ሙያው ውስጥ ያለን ሥራ ሲያይ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ ነው፤ ሸማኔ የሌላውን ሸማኔ ጥለት ቆጥሮ ያንኑ ማውጣት ይችላል። በሌላ ሙያ ያየውን ወደ ራሱ ዘዴ ለማምጣት ግን የግድ መለወጥ አለበት፤ ፈጠራም የሚገባው በዚህ አስገዳጅ ለውጥ መካከል ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ትልቁ ምሳሌ ሐረግ ነው። ሐረግ የሚባለው በብራና መጻሕፍት የምዕራፍ መክፈቻ ገጾች አናትና ጎን ላይ የሚሣለው፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄድ የመስመር ጌጥ ሲሆን፣ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባሉ ብራናዎች በብዛት ይታያል። ብራና ጸሐፊው የፍየል፣ የበግ ወይም የጥጃ ቆዳ ወጥሮ ይፍቃል፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፋል፣ ቀዩንም በተለይ ለቅዱሳን ስሞች ያውለዋል፤ ሐረጉም በዚህ ሜዳ ላይ በብዕር እንደ ልብ ይዞራል። ይኸው ጥልፍልፍ መስመር ወደ ብረት ሠሪው ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል። የጸሎት መስቀል የሚያፈስሰው ባለሙያ በቆየው አሠራር አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካስወጣ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ያፈስሳል። በብራና ላይ በቀለም የተሞላው የመስመሮቹ መካከል በመስቀሉ ላይ ክፍት ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፣ እያንዳንዱም መስመር ብረቱን የሚሸከም ጅማት መሆን አለበት። ወደ ሸማኔው ሲሻገር ደግሞ የሚዞረው መስመር ቀርቶ ደረጃ ደረጃ ያለው መስቀል ይሆናል። አንድ ሐሳብ በሦስት እጅ ሦስት መልክ ያዘ፤ ሦስቱም አንዱ የሌላው ቅጂ አይደሉም።

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥነ ሥዕልም ከዚህ ምንጭ ጠጥቷል። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በአውሮፓ መንገድ ሥዕል ቢያስተምርም፣ ከዚያ ከወጡትና በዚያ ካስተማሩት ውስጥ በርካቶቹ ወደ እጅ ጥበብ ተመልሰው ተመልክተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 የኖረው እስክንድር ቦጎሲያን በለንደንና በፓሪስ ተምሮ ሲያበቃ በሥዕሎቹ ውስጥ የጠልሰምንና የብራናን ጌጥ አስገብቷል፤ ጠልሰም የሚባለው ክፉ ነገርን ለመከላከል በክታብ ላይ የሚሣል ምስል ነው። ከሸራ ሌላም ከዛፍ ልጥ የሚሠራ ጨርቅ ለሥራው ተጠቅሟል። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ ቀጫጭን የቀርከሃ ቁራጮችን እየደረደረ በላያቸው ይሥላል፤ ሥዕሉ በየቁራጩ ተከፋፍሎ ሲታይ ክታብንም ሽመናንም ያስታውሳል። ለሠዓሊ ተራ የሚመስለው የቀርከሃ ሥራ አዲስ የአሣሣል መንገድ የከፈተለት ከሙያው ውጭ በመመልከቱ ነው።

መሻገሩ በባለሙያዎች መካከል ብቻ አይወሰንም፤ የዕለት መጠቀሚያ ዕቃም ምንጭ ሊሆን ይችላል። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ በኢትዮጵያ ገጠርና ከተማ የድሃ ጫማ ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስ የተባለ ድርጅት ይህንኑ በረባሶ መነሻ አድርጎ፣ የጎማውን ሶል በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ ጋር በማገናኘት ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ጫማ ሠራ። እዚህም ሁለት የታወቁ ነገሮች ሲገናኙ ያልታወቀ ሦስተኛ ነገር ተገኘ። በጋሞ ደጋማ አገር የሚኖረው የዶርዜ ሕዝብም፣ በሽመናው በአገር የታወቀውን ያህል፣ ከቀርከሃ በተጎነጎኑ ረጃጅም ቤቶቹ ይታወቃል፤ የቤቱን እግር ምስጥ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ዝቅ ይላል፣ ብዙ ዓመትም ያገለግላል። በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ጥጥም ቀርከሃም በመጠላለፍ ሕግ ሲሠሩ የሚያድግ ልጅ፣ ሽመና ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ጉንጎና ማንበብ ይለምዳል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። መነሳሳት የሚፈልግ ሸማኔ የሌላ ሸማኔን ፎቶግራፍ በስልኩ ከመሰብሰብ ይልቅ መስቀልን፣ ሸክላንና የግድግዳ ልስንን ቢመለከት ይጠቀማል፤ ሸክላ ሠሪዋም መሶብን ብታይ ይጠቅማታል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የብዙ ብሔረሰቦችን ዕቃዎች በአንድ ጣራ ሥር አሰባስቦ ስለሚያሳይ ለዚህ ዓይነቱ ምልከታ የተመቸ ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ምስል አንድ ጉዳት አለው፤ የዕቃውን ፊት ያሳያል፣ ጀርባውንና ስፌቱን፣ ክብደቱንና ሻካራነቱን ግን ይደብቃል፤ ባለሙያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚማረው ከጀርባው ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ከባለሙያው ውጭ ያለውን ይመለከታል። አንድ ሰው ጥሬ ዕቃውን ጠንቅቆ ቢያውቅና ዓይኑ ቢከፈትም፣ የሚኖርበት ኅብረተሰብ ካላከበረው መነሳሳቱ አይዘልቅም። በኢትዮጵያ ታሪክ የእጅ ባለሙያ ዕቃው ተፈላጊ፣ ራሱ ግን የተናቀ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ብረት ሠሪው ቀጥቃጭ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ፣ ሸክላ ሠሪዋ በቡዳነት ስትጠረጠር፣ በጋብቻም በማኅበርም ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያመለክታል። የስድቡ ጉዳት በክብር ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም፤ ፈጠራንም ያደርቃል። የተናቀ ባለሙያ ልጁን ወደ ሙያው ማስገባት ያፍራል፣ ከውጭም ወደ ሙያው የሚገባ አዲስ አእምሮ አይኖርም፣ የጠያቂ ተማሪ ቁጥር ይመናመናል፤ ጥያቄ የማይቀርብበት ሙያ ደግሞ ያው የተለመደውን ሲደግም ይኖራል።

ተቃራኒውን ለማየት በደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ የሚገኘውን የአውራ አምባ ማኅበረሰብ መመልከት ይቻላል። በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራን በጾታ መከፋፈልን ስለማይቀበል፣ በሌላው አካባቢ የወንድ የሚባለውን ሽመና ሴቶች ይሸምናሉ፣ የሴት የሚባለውን ፈትል ወንዶች ይፈትላሉ። ውጤቱ ከፍትሕ ባሻገርም መታየት አለበት፤ አንድ ሰው ፈትሉንም ሽመናውንም በእጁ ሲያውቅ፣ ክሩ በሚፈተልበት ጊዜ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ጨርቁን ምን እንደሚያደርገው ይረዳል። የመጀመሪያው ነጥብ ያለው ከጥሬ ዕቃው ጋር የመተዋወቅ ጥቅም እዚህ በማኅበራዊ ክብር በኩል ተገኘ ማለት ነው።

ከክብር ቀጥሎ ጊዜና ዋጋ ይመጣሉ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው አባባል የአገሩን የገበያ ጠባይ በአጭሩ ይናገራል፤ ፈላጊው ሁሉ የሚመጣው በዓል ሲደርስ ነው። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ሸማኔ እጁ የለመደውን ጥለት በፍጥነት ያወጣል እንጂ ያልሞከረውን ለመሞከር አይደፍርም፤ ቢሳሳት የሚከስረው የራሱን ቀን ነውና። ገዢውም በዋጋ ክርክር የሚከፍለው ለክርና ለቀን እንጂ ለሐሳብ አይደለም። አዲስ ጥለት ያወጣ ሸማኔ ጥለቱ ወዲያው በሌሎች ሲቀዳ፣ ቆየት ብሎም በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ ሲሸጥ ያያል። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 123 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የሕግ ጥበቃ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ለአንድ ሸማኔ ንድፉን ማስመዝገብ ጊዜም ዕውቀትም የሚጠይቅ ነው፤ ይህ ሸክም በማኅበር ሲያዝ ይቀላል።

ቦታም መዘንጋት የለበትም። በተለመደው አሠራር ሸማኔ በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ በእግሩ ድሩን ያነሳል ይጥላል። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም፤ ሸክላ ለመተኮስም ደጅ ያስፈልጋል፤ ሣርም ቢሆን የሚነከርበትና የሚሰጣበት ቦታ ይሻል። እንደ ለቡ ያሉ ሰፈሮች ሲታነጹ ለእጅ ሥራ የሚሆን ምድር ቤት ወይም የጋራ ሼድ ካልታሰበ፣ ባለሙያ ቤት አግኝቶ ሙያውን ሊያጣ ይችላል። በቆመ የእንጨት መሸመኛ መሥራት አንዱ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ይህም መሸመኛ ቢሆን ቦታና ድምፁን የሚታገሥ ጎረቤት ይፈልጋል።

በዚህ ላይ ከውጭ አገር ተሞክሮ አንድ ንጽጽር ጠቃሚ ነው። በጃፓን ያናጊ ሶኤትሱ የተባለው ጸሐፊ ከሸክላ ሠሪ ወዳጆቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሚንጌይ የተባለውን እንቅስቃሴ አስጀመረ፤ ተራ ሰው ለዕለት መጠቀሚያ የሚሠራው ዕቃ የራሱ ውበት እንዳለው አስተማረ፤ በ1936ም በቶኪዮ ለዚሁ የተለየ ሙዚየም ከፈተ። በዚህ ትምህርት የጃፓን የገጠር ሸክላና ጨርቅ ከመጥፋት የዳነበት መጠን ቀላል አይደለም። ያናጊ ግን የዕቃው ውበት ከሠሪው ስም አለመታወቅ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ያምን ነበር። ይህ ክፍል ለኢትዮጵያ የሚሆን አይመስልም። የኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያ ስሙ ሳይታወቅ የኖረው በትሕትና ብቻ ሳይሆን በንቀትም ነው፤ ስለዚህ እዚህ አገር መነሳሳትን የሚያዘልቀው ስምን መደበቅ ሳይሆን ማውጣት ነው። ስሙ በሥራው ላይ የተጻፈ ሰው የሚቀጥለውን ሥራ የተሻለ ለማድረግ ምክንያት ያገኛል።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች ተደምረው ለባለሙያው ጥቂት ልማዶችን ይጠቁማሉ። የመጀመሪያው ከእያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ለሙከራ ማስቀረት ነው፤ ድር ሊያልቅ ሲል የምትተርፈው ክንድ የማትሞላ ቦታ ለገበያ ስለማትሆን ያልተሞከረ ቆጠራ ሊሞከርባት ይችላል። ሁለተኛው የተሞከረውን፣ ያልተሳካውንም ጭምር፣ ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ነው፤ የዛሬ ሊጥ ከትናንቱ በተረፈ እርሾ እንደሚቦካ ሁሉ የሚመጣው ዓመት ጥለት ከተቀመጠው ቁራጭ ይነሳል። ሦስተኛው የገበያውን ወቅት ለሁለት መክፈል ነው፤ ከበዓላት በፊት ያሉት ሳምንታት የለመዱትን ለመሥራት፣ ገበያ የሚቀዘቅዝበት ክረምት ደግሞ ለሙከራ ቢመደቡ እንጀራውም ፈጠራውም ሳይጋጩ ይሄዳሉ። አራተኛው ተማሪ መያዝ ነው፤ ለምን እንዲህ ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ መምህሩን ከልማድ እንቅልፍ ያነቃዋል።

ሥራውን ለሚገዛው ለለቡ ነዋሪ ደግሞ የሚቀርበው ጥሪ ከዚህ ያነሰ አይደለም። ለጥምቀት የሚለበሰው ቀሚስ በመስከረም ይታዘዝ፤ ሸማኔው ለመሞከር ጊዜ ያግኝ። ጋቢውን ወይም መሶቡን ማን እንደ ሠራው ይጠየቅ፣ ስሙም ለሌላው ይነገር። ከተለመደው ለየት ያለ ጥለት ለሚያወጣ ሰው በዋጋው ላይ ለሐሳቡ የሚሆን ጭማሪ ይታሰብለት። የሕንጻ ማኅበራትም በምድር ቤቶቻቸው ካሉት ክፍሎች አንዱን ለሽመና ወይም ለስፌት ቢፈቅዱ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድርና ማግ ሲገናኙ ቆመው የሚያዩበት ቦታ በሰፈራቸው ይኖራቸዋል። መነሳሳትን ባለሙያው ከጥሬ ዕቃው ጋር ሲታገል ያገኘዋል፤ ማዝለቁ ግን የገዢውም የጎረቤቱም ድርሻ ነው። ይህን ድርሻ ለመወጣት የተሰበሰበው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እንዲነሳ በአክብሮት ይጠየቃል።